ጥናትና ኮታ፦ ከ1924ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በስተጀርባ

የምርምር ተቋማት መንግሥታት ስለ ስደተኛ በሚያወጡት ፖሊሲ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ የቅርብ ጊዜ ክሥተት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከመካከላችንም ለእንደነዚህ ያሉ ተቋማት የሚያጠና፣ ስለ ወገኖቹ መሰደድ ዘገባ የሚጽፍ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የነገሩን ሥር መመርመር ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1907 በሴናተር ዊልያም ዲሊንግሃም የሚመራ አጥኚ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1911 ያቀረበው ዘገባ 41 ጥራዝ ነበር። ከእነዚህ አንዱን ያዘጋጀው አንትሮፖሎጂስቱ ፍራንዝ ቦአስ ነው። ወደ 18,000 የሚጠጉ መጤዎችንና ልጆቻቸውን ለክቶ፣ አሜሪካ የተወለዱት ልጆች የራስ ቅርጽ ከወላጆቻቸው እንደሚለይ አሳየ። «ዘር» አይለወጥም የሚለውን እምነት የሚያናጋ ግኝት ነበር። የኮሚሽኑ ምክር ግን ይህ ጥራዝ እንዳልተጻፈ ሁሉ፣ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣው ሰው እንዲገደብ ሆነ። ለመሆኑ 41 ጥራዝ ማን ያነባል? የሚነበበው ማጠቃለያው ነው፤ ማጠቃለያውን የጻፈው ደግሞ ቦአስ አልነበረም።

በ1910 ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር በተባለ ሥፍራ፣ የዩጄኒክስ መዝገብ ቤት ተከፈተ። ገንዘቡ መጀመሪያ የተገኘው ከባቡር ሐዲዱ ባለጸጋ ከሃሪማን ሚስት ነው፤ በኋላ የዋሽንግተኑ ካርኔጊ ተቋም ተረከበው። የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ሃሪ ላፍሊንን የእንደራሴዎች ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ኮሚቴ ሊቀ መንበር አልበርት ጆንሰን የኮሚቴው የዩጄኒክስ ባለሙያ አድርጎ ሾመው። ላፍሊን በ1922 ያቀረበው ትንታኔ ስልቱ ቀላል ነበር፦ በእስር ቤቶች፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችና በመሳሰሉት የሚገኙትን ሰዎች በትውልድ አገራቸው ለይቶ መቁጠር፣ ከዚያም ከየሕዝቡ ብዛት ጋር ማነጻጸር። ድህነት፣ ቋንቋ አለማወቅ፣ የፖሊስ አያያዝ ከሒሳቡ አልገቡም። የጆንስ ሆፕኪንስ የሥነ ሕይወት ሊቅ ኸርበርት ጄኒንግስ ሠንጠረዦቹን መልሶ ሲመረምር ድምዳሜውን እንደማይደግፉ አገኘ፤ ከቀደምት መጤዎች የሚቆጠሩት አየርላንዳውያን ራሳቸው ከፍተኛ ቁጥር አስመዝግበው ነበርና። ኮሚቴው ግን ለዚህ ትችት ብዙ ጆሮ አልሰጠም።

የ1921ዱ ሕግ ለየአገሩ የፈቀደው በ1910 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተገኘው ተወላጁ 3 በመቶ ነበር። የ1924ቱ ወደ 2 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ መነሻውን ወደ 1890 ቆጠራ መለሰው፤ ጣሊያናዊው፣ ግሪኩና የምሥራቅ አውሮፓው አይሁዳዊ ገና በብዛት ወዳልገባበት ዘመን ማለት ነው።

ይህ ጸሐፊ ሕጉን ያወጣው ላፍሊን ነው ብሎ አይከራከርም። የሠራተኛ ማኅበራት ግፊትና የጦርነቱ ማግሥት ፍርሃት ያለ እርሱም ይበቁ ነበር። የመዝገብ ቤቱ አስተዋጽዖ ሌላ ነው። እንደራሴው «እጠላቸዋለሁ» በማለት ፈንታ «ጥናቱ ያሳያል» ብሎ እንዲናገር አስቻለው። ጥላቻው ሠንጠረዥ ሲለብስ የሚያፍርበት ሰው ጠፋ።

አገራችንም በዚህ መዝገብ ስሟ ሰፍሯል፤ በ1924 ለኢትዮጵያ የተመደበው ዝቅተኛው ኮታ፣ በዓመት 100 ሰው ነበር።

ካርኔጊ ተቋም በ1935 የመዝገብ ቤቱን ሥራ በሊቃውንት አስመረመረ፤ የተከማቸው መረጃ ለሳይንስ የማይበጅ ሆኖ ተገኘ። ላፍሊን በ1936 ናዚዎች ከያዙት የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጠው። መዝገብ ቤቱ በ1939 መጨረሻ ተዘጋ። የኮታው ሥርዓት ግን በ1952 ሕግ ጸንቶ እስከ 1965 ማሻሻያ ድረስ ዘለቀ፤ የኢትዮጵያም 100 እንዳለ ነበር።