ከበሽሎ ማዶ ያሉ ሐሪማዎች

መካነ ኢየሱስ አካባቢ ያደገ ሰው የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ደግሞ ዙር አባ መሆኑን ከልጅነቱ ይሰማል። ሁለቱም ጋይንት ናቸው። መምህሩ ሲያርፍ ወንበሩ ለልጁ አይተላለፍም፤ ቀለሙን የጨረሰ ይቀመጥበታል። ስማዳን አልፎ በሽሎን የተሻገረ ግን ሌላ ወግ ያገኛል። በወሎ የሸሁ ደጅ ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ከእነዚህ ደጆች ስመ ጥሩው አልቡኮ ያለው ጀማ ንጉሥ ነው። ያቀኑት በ1799 ዓ.ም. ገደማ ያለፉት፣ የቃዲሪያ ጦሪቃ፣ ማለትም የሱፊ መንገድ፣ መሪ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ገታ በተባለው ቦታ የነበሩት ሐጂ ቡሽራ የሰማኒያን ጦሪቃ አስፋፉ። ሐሪማ ሲባል መስጊድ ብቻ እንዳይመስለን፤ የሸሁ ቤት፣ የወልዩ መቃብርና የደረሶች (የተማሪዎች) ጎጆ አብረው ያሉበት ግቢ ነው። ደረሳው ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ሎሑ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ ይጽፋል፤ አንቀጹን በቃሉ ሲይዝ ያጥበውና ቀጣዩን ይጽፍበታል። መንገደኛ ከመጣ የማን ዘመድ ነህ ሳይባል እራቱን ይበላል።

እንዲህ ደጁን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ቤተሰብ በሩቁ በሞሮኮ ጠረፍ፣ በሳፊ ከተማም ነበረ። በ1234 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ሙሐመድ ሷሊሕ በዚያ ሪባጥ፣ ማለትም የጸሎትና የትምህርት ማረፊያ ነበራቸው። ከዚያ እስከ ግብፅ ድረስ የመካ ተጓዥ የሚያርፍባቸውን ቤቶች እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ዘረጉ፤ ልጆቻቸውም ሥራውን ወረሱ። የአባትን ደጅ ክፍት አድርጎ ማቆየት፣ ሳፊም ሆነ ጀማ ንጉሥ፣ ያው አደራ ነው።

የወሎው አደራ በ1870 ዓ.ም. ክፉኛ ተፈተነ። ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ፤ የወሎው ገዥ ኢማም ሙሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ግን እምቢ ብለው ተነሡ። በዐረብ ፊደል፣ ግን በአማርኛ የጻፏቸው መንዙማዎች፣ ማለትም የውዳሴ ግጥሞች፣ ተርፈዋል። ለእኔ የወሎን እስልምና በዚያ ዘመን ያቆየው ከጦሩ ይልቅ ይህ ግጥም፣ ይህ ሎሕና ይህ እራት ነው። ዛሬም የመውሊድ ሌሊት በጀማ ንጉሥ ድቤው ሲመታ፣ ሕዝቡ መንዙማውን የሚቀበለው በአማርኛ ነው።