የጄት አይሮፕላን ግዢና የኢትዮጵያ አየር መንገድ

በጅጋ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ የበሬውን ዋጋ ብቻ አያሰላም። በቤቱ ካለው በሬ ጋር ይጣመድ እንደ ሆነ፥ ድርቆሹ ይበቃ እንደ ሆነ፥ እረኛም ይገኝለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል። የመሣሪያ ግዢ በአንድ ድርጅት ላይ የሚያመጣው ለውጥም በዚሁ ዓይን ቢታይ መልካም ነው። ለዚህ የሚስማማ ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው።

ድርጅቱ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት በሲ-47 አይሮፕላን ወደ ካይሮ መብረር ጀመረ። ለእነዚህ አይሮፕላኖች የልደታ ሜዳ ይበቃቸው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የገቡት ሁለት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ግን በዚያ ሊሠሩ አልቻሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፥ አየሯም ስስ በመሆኑ፥ ጄት ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ በጥር ወር 1955 ዓ.ም.ም ወደ ናይሮቢ የጄት አገልግሎት ተጀመረ። እንግዲህ የጄቶቹ እውነተኛ ዋጋ ቦሌን ጨምሮ የሚታሰብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰው ነው። በመጀመሪያው ዘመን አስተዳደሩና አብራሪነቱ በአሜሪካውያን እጅ ነበር። መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር በውጭ ባለሙያ መመካት ሊጸና ይችል ነበር። ድርጅቱ ግን ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችንና መካኒኮችን በአገር ውስጥ ማሠልጠኑን ቀጠለ፤ በ1963 ዓ.ም. ገደማም ኢትዮጵያዊው ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ጄቱ እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉ የጠቅላይ ግዛት ሜዳዎች ሊያርፍ ስለማይችል፥ የአገር ውስጡ አገልግሎት ከ1955 ዓ.ም. በኋላም ለብዙ ዓመታት በአሮጌዎቹ ዲሲ-3 አይሮፕላኖች ሲሠራ ኖረ። ስለዚህ አንዱ ድርጅት ሁለት ዓይነት ጥገናና ሁለት ዓይነት ሙያ ይዞ መኖር ግድ ሆነበት። የጎጃም መንገደኛ ከአዲሱ ግዢ በቀጥታ ያገኘው ጥቅም ጥቂት ነበር።

ይህን ስንል ግዢው ስሕተት ነበር ማለታችን አይደለም። የውጭ ኩባንያዎች በጄት ሲበሩ በአሮጌ አይሮፕላን መወዳደር መንገደኛን ለእነርሱ መልቀቅ ነበር። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ውል ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው የት እንደሚያርፍ፥ ማን እንደሚይዘው፥ ማንንስ ሳያገለግል እንደሚቀር ካልጠየቀ፥ ድርቆሽ ሳያከማች በሬ እንደ ገዛ ገበሬ መሆኑ አይቀርም።