የማይግሬን መድኃኒት ሲያስቸግር ምን እናድርግ?

የማይግሬን መድኃኒቶች ሕመሙን ቢያስታግሱም አንዳንዴ ሌላ ችግር ይዘው ይመጣሉ። ምልክቱን ለይተን ካወቅን በጊዜ መፍትሔ እናገኛለን።

ኤርጎታሚን፦ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከገረጣ ግን ወዲያው አቁመን ወደ ሕክምና እንሂድ። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመምተኞች አይወስዱትም። ከኤሪትሮማይሲን ጋር መውሰድም አደገኛ ነው።

ፕሮፕራኖሎል፦ ድካም ያመጣል፣ የልብ ምትን ይቀንሳል። አስም ላለበት ሰው አይሰጥም። በድንገት ማቋረጥ ስለሚጎዳ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

አሚትሪፕቲሊን፦ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ አፍ ያደርቃል። ማታ መውሰዱ ይረዳል፤ ጠዋት ድብታው ካልለቀቀን መኪና አንንዳ።

ማስታገሻ ማብዛት ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚንን 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው ለዚህ ይጋለጣል። ስለዚህ የወሰድንበትን ቀን እንመዝግብ።

በረመዷን የመውሰጃ ሰዓቱን በራሳችን ከመቀየራችን በፊት ሐኪም እናማክር።

ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካመመ ለነገ ሳንል ወደ ድንገተኛ ክፍል እንሂድ፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያም አንርሳ።