የታላቅ እህት ስብራት

ከግዙፍ የመርከብ ፕሮፔለር ሥር ቆብ የደፉ ሠራተኞች ቆመው የሚታዩበትን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ሰዎቹ ከክንፎቹ አጠገብ ልጆች ይመስላሉ። በየመጻሕፍቱና በየመጽሔቱ «የታይታኒክ ፕሮፔለር» እየተባለ ሲታተም ኖሯል። መርከቧ ግን ታይታኒክ አይደለችም። በ1911 ቤልፋስት ውስጥ የተነሳችው ታላቅ እህቷ ኦሎምፒክ ናት። ስህተቱ አይገርምም፤ እህትማማቾቹ በመልክ ብቻ ሳይሆን በዕቃም የተዋዋሱ ነበሩ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ውሰት ነው፤ ታላቂቱ በተሰበረች ቁጥር ታናሺቱ ስለከፈለችው ዋጋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ሳስገባ እናገራለሁ።)

ሁለቱንም የሠራቸው የቤልፋስቱ ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ ሲሆን ባለቤታቸው ዋይት ስታር ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ነበር። በፋብሪካው መዝገብ ኦሎምፒክ ቁጥር 400፣ ታይታኒክ ቁጥር 401 ናቸው። የኦሎምፒክ ርዝመት 269 ሜትር ይደርሳል፤ ጁን 1911 የመጀመሪያ ጉዞዋን ስታደርግ በዓለም ትልቋ መርከብ ነበረች። ይህን ሁሉ ብረት የሚገፉት ከኋላ በውሃ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሦስት ፕሮፔለሮች ናቸው። የግራና የቀኙ ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር ከ16 ሳንቲሜትር፣ ክብደታቸው እያንዳንዳቸው 38 ቶን፤ የመካከለኛው 5 ሜትር ገደማና 22 ቶን። የዳሮቹን ፒስተን ያላቸው የእንፋሎት ሞተሮች በደቂቃ 75 ጊዜ ያህል ያዞሯቸዋል። መካከለኛውን የሚያዞረው ከእነዚህ ሞተሮች የተረፈው እንፋሎት የሚገባበት ተርባይን ነው፤ ይህ ተርባይን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መዞር አያውቅም።

አሠራራቸውም ይለያያል። መካከለኛው በአንድ ቅርጽ የፈሰሰ ወጥ ነሐስ ነበር። የዳሮቹ ግን የተገጣጠሙ ናቸው፤ መሃል ላይ የብረት እምብርት አለ፣ ሦስቱ የነሐስ ክንፎች እያንዳንዳቸው በእምብርቱ ላይ በወፋፍራም ቡሎንና በዳዶ ይታሰራሉ። ያሰበበት ሰው ነው እንዲህ ያደረገው። ወጥ ፕሮፔለር አንድ ክንፉ ከተሰበረ ሙሉው ወርዶ ሙሉው ይተካል። የተገጣጠመው ግን የተጎዳው ክንፍ ብቻ ተፈትቶ ሌላ ይገባለታል። በዚያ ዘመን የቡሎን ቀዳዳዎቹን ትንሽ ሞላላ ማድረግም የተለመደ ነበር፤ ክንፉ ከመጥበቁ በፊት በጥቂቱ ዞር ተደርጎ ውሃውን የሚቆርጥበት ማዕዘን ከጓደኞቹ ጋር እንዲስተካከል። ሦስቱ ክንፎች እኩል ካልሳቡ ሞተሩ ቢጠነክርም ጥቅም የለውም።

የመጀመሪያው ስብራት የደረሰው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1911 ነው። ኦሎምፒክ ከሳውዝሃምፕተን ወጥታ ሶሌንት በተባለው ጠባብ ባሕር ስትጓዝ ሆክ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጎን ለጎን ትሄድ ነበር። ሆክ አፍንጫዋ የጠላትን መርከብ ወግቶ ለማስመጥ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የዚያን ቀን የወጋችው የወገኗን ቀኝ ጎን ሆነ። ኦሎምፒክ ከኋላዋ በኩል ተቀደደች፣ ሁለት ክፍሎቿን ውሃ ሞላቸው፣ የቀኙ ፕሮፔለር ዘንግም ተጣመመ። የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው ጥፋቱን በኦሎምፒክ ላይ ጣለ፤ ግዙፉ አካሏ ሲንቀሳቀስ የፈጠረው የውሃ ስበት ትንሿን መርከብ ጎትቷታል ተባለ። የኦሎምፒክ ካፒቴን ኤድዋርድ ስሚዝ ነበር።

ቤልፋስት ስትደርስ ችግሩ ከቀዳዳው ይልቅ ዘንጉ ሆነ። ቀዳዳ በላሜራ ይደፈናል። ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ዘንግ ግን ተቀጥቅጦ የሚወጣ ከባድ ብረት ነው፤ ከሱቅ መደርደሪያ አይወርድም፣ ታዞም ቶሎ አይደርስም። የእኛ ጋራዦች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል፤ መፍትሔውንም እንዲሁ። ከቆመው አውልቆ ለሚሄደው መግጠም ነው። የቆመችው ታይታኒክ ነበረች፤ ውስጧ ገና እየተሠራ። ለእሷ የተዘጋጀው ዘንግ ለኦሎምፒክ ተሰጠ፣ ሠራተኞቿም ወደ ታላቂቱ ዞሩ። ጥገናው ስድስት ሳምንት ያህል ወስዶ ኦሎምፒክ ኖቬምበር 20 ወደ ባሕር ተመለሰች። መርከብ ቆሞ አያተርፍምና ባለቤቶቹ በምርጫው የተከራከሩ አይመስለኝም።

ለሁለተኛው ስብራት ብዙ አልተጠበቀም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1912 ኦሎምፒክ ከኒውዮርክ ስትመለስ በአትላንቲክ መካከል ከውሃ በታች ካለ ነገር፣ ምናልባትም ከሰመጠ መርከብ ስብርባሪ ጋር ተጋጨችና አንድ የፕሮፔለር ክንፍ ተገንጥሎ ባሕር ውስጥ ቀረ። ካፒቴኑ አሁንም ስሚዝ ነው። ከሦስት ክንፍ አንዱ ሲጎድል የቀረው ሚዛኑን ያጣል፤ እየዞረ ዘንጉንም መርከቧንም ይነቀንቃል። መንገደኞቿን አድርሳ ማርች 1 ቀን ቤልፋስት ገባች።

በዚያ ፋብሪካ እነዚህን እህትማማቾች የሚያስገባ ደረቅ ገንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ቶምፕሰን ይሉታል። ገንዳው ወለሉ ከባሕር በታች የሆነ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ነው። መርከቧ ተንሳፍፋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ፓምፖቹ ውሃውን በ100 ደቂቃ ገደማ መጠው ያወጡታል፤ መርከቧም በተደረደሩ ግንዶች ላይ ቀስ ብላ ትቀመጣለች። ከፌብሩዋሪ 3 ጀምሮ እዚያ የነበረችው ፕሮፔለሮቿ የሚገጠሙላት ታይታኒክ ናት። እንግዲህ ታናሺቱ ወጥታ ለታላቂቱ ቦታ ለቀቀች። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሆነው የተነሱት የመጨረሻ ፎቶግራፎች የእነዚያ ቀናት ናቸው።

አዲስ ክንፍ መግጠሙ በራሱ ቀላል ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የተሰበረው ጉቶ ዳዶው ይፈታል፣ በሰንሰለት ተይዞ ይወርዳል፤ አዲሱ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ ማዕዘኑ ይለካል፣ ይጠብቃል። ጊዜ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ያለው ጥርጣሬ ነው። የቀሩት ክንፎች አልተሰነጠቁም? ዘንጉ አልጎበጠም? ዘንጉ ከመርከቧ ሆድ የሚወጣበት ቧንቧስ? በዚያ ዘመን ይህ ቧንቧ ውስጡ የሚለበጠው ሊግነም ቪቴ በተባለ እንጨት ነበር። እንጨቱ በጣም ጠንካራና በተፈጥሮው ቅባት ያለው ስለሆነ ግሪስ ሳይሻ ውሃው ብቻ ያለሰልሰዋል። ብረት በእንጨት ላይ ለዓመታት ሲሽከረከር እንጨቱ መቻሉ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ኦሎምፒክ ከሳምንት በኋላ ወጣች። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚደጋግሙትን ማረም ይገባል። የታይታኒክ የመጀመሪያ ጉዞ ማርች 20 እንዲሆን ታቅዶ ወደ ኤፕሪል 10 መዛወሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ያ የጠፋ ክንፍ ነው መባሉ አያስኬድም። አዲሱ ቀን ክንፉ ከመሰበሩ በፊት፣ በ1911 መገባደጃ ላይ ለጋዜጦች ተነግሯል። ቀኑን የገፋው የመጀመሪያው ጥገና፣ ቀዳዳውና ዘንጉ ነው። ክንፉ የቀማው የማጠናቀቂያውን ጊዜ ነው፤ የሥራ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ቀን በሚቆጠርበት ሰዓት ገንዳውንም ሠራተኛውንም ተሻማ። ታይታኒክ የባሕር ሙከራዋን ኤፕሪል 2 በአንድ ቀን ጨርሳ ማታውኑ ከቤልፋስት ወጣች። ኦሎምፒክ ለሙከራዋ ሁለት ቀን ወስዳ ነበር።

ኤፕሪል 10 ታይታኒክ ከሳውዝሃምፕተን ስትነሳ ደግሞ የሆክ ታሪክ ሊደገም ጥቂት ቀረው። የውሃው ግፊት አጠገቧ ታስራ የነበረችውን ኒውዮርክ የተባለች መርከብ ገመዷን በጥሶ ሳባት፤ ጎታች ጀልባ ደርሶ ባይዛት ኖሮ የታይታኒክን ጎን ትመታ ነበር። ካፒቴኑ ያው ስሚዝ ነው። ብትጋጭ ኖሮ ምናልባት ተመልሳ ቶምፕሰን ገንዳ በገባች። ከአራት ቀን በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1904 ሌሊት፣ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች።

«ኦሎምፒክ ባትሰበር ኖሮ» የሚል ክርክር ከዚያ ወዲህ አላቆመም። ለእኔ አይጥመኝም። ታይታኒክ በማርች 20 ብትነሳ ሌላ በረዶ፣ ሌላ ባሕር፣ ሌላ ሌሊት ይጠብቃት ነበር ከማለት በቀር ምን ይባላል? ከ2,200 በላይ ሰው የያዘች መርከብ የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎቿ ለ1,178 ሰው ብቻ የሚበቁ መሆናቸው፣ የበረዶ ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ እየደረሳት በ22 ኖት ገደማ መጓዟ፣ እነዚህ የማንም መካኒክ ጥፋት አይደሉም።

ታላቂቱ ግን ዕድሜ አገኘች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ስታጓጉዝ ሜይ 12 ቀን 1918 ዩ-103 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ፊት ለፊቷ አየች። ተኩስ ከፈተችባት፣ ከዚያም ዞራ ገጨቻት። ሰርጓጇ ለመጥለቅ ስትሞክር የኦሎምፒክ የግራ ፕሮፔለር ቆዳዋን ሰንጥቆት አለፈ። ቤልፋስት ያስገቧት እነዚያ ነሐሶች በዚህ ጊዜ ቆራጮቹ ሆኑ። ኦሎምፒክ እስከ 1935 ሠርታ በክብር ጡረታ ወጣች፣ ተሸጣም ተቆራረጠች።

የታይታኒክ ስብርባሪ በ1985 ወደ 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘ። በኋላ ወደ ጥልቁ የወረዱ ሰርጓጅ ጀልባዎች ከኋላ የቀኙን ፕሮፔለር ሲያበሩበት በክንፉ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ታየ፤ 401። እህትማማቾቹ ተለዋውጠው የሰመጠችው ኦሎምፒክ ናት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩን ሲያዩ ክንፉ ከታይታኒክ ተወስዶ የተገጠመ ነው ብለው ይከራከራሉ። ያን ሁሉ ውሰት ያየ ሰው ለጊዜው ቢጠራጠር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን የእነሱ ታሪክ ከዚህ አልፎ የሚቆምበት እግር የለውም።

የሚያጓጓኝ ሌላኛው ጥያቄ ነው። የፋብሪካው አንድ የድሮ ማስታወሻ ደብተር የታይታኒክ መካከለኛ ፕሮፔለር እንደ ኦሎምፒክ አራት ሳይሆን ሦስት ክንፍ እንዳለው መዝግቧል። ፎቶግራፍ አልተገኘለትም። ፕሮፔለሩ ራሱ ደግሞ ከመርከቧ ኋላ ሥር፣ በጭቃ ተቀብሮ ይገኛል።