ፓስታ በእንጀራ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ጥሊሊ ላይ አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች አዲስ አበባ ተገናኘን። አንዱ መምህር ነው፤ አንዱ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ፤ ሦስተኛው ነጋዴ። እኔ ደግሞ ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እየዋልሁ፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ነጋዴው እንደ ልማዱ «ዛሬ በእኔ ነው!» ብሎ ወደ አንድ ደኅና የጣሊያን ምግብ ቤት ወሰደን። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በየሰሃኑ ግራና ቀኝ ሹካና ቢላዋ ተሰልፏል። የምግብ ዝርዝሩ ሲሰጠን እኔ እንደ ሙያዬ ልማድ ማንበብ የጀመርሁት ከዋጋው በኩል ነበር።

አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» አለች። አንዱ ላዛኛ፣ አንዱ ራቪዮሊ፣ እኔ ፓስታ በስጎ አዘዝን። መምህሩ ግን ዝርዝሩን አጥፎ አስቀመጠ።

«እናንተ ብሉ፤ እኔ ሻይ ይበቃኛል» አለ።

«ምነው? አሞሃል እንዴ?» አለው ነጋዴው።

«ደኅና ነኝ። የአያቴ እግር ትዝ ብሎኝ ነው።»

ያቺን እግር ሁላችንም እናውቃታለን። አያቱ በጣሊያን ጊዜ በጥይት የተመታች እግራቸውን እየጎተቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ዱላቸውን ለመያዝ እኛ ሕፃናቱ እንሻማ ነበር። ነጋዴው «ያለፈ ነገር ነው፤ ምግብ ደግሞ ምን ጠላት አለው?» አለ። መሐንዲሱም «የመጣህበት መኪና ፍሬኑም ካምቢዮውም ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ በእግርህ ልትመለስ ነው?» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ማንም አልሳቀም። ሒሳብ ሲመጣ መምህሩ የሻዩን ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ። በእኛ አገር ከጋባዥ ፊት የራስን ሒሳብ መክፈል ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢዬ ያውቀዋል። የተለያየነውም ተኮራርፈን ነው።

እኔ በዚያ ምሽት አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ማለት የነበረብኝ ነው።

ኢትዮጵያና ጣሊያን በማዕድ ዙሪያ ያላቸው ታሪክ ከሚታሰበው ይረዝማል። የመጀመሪያው ማዕድ የእኛ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ከተመታው ጦር ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጣሊያናውያን ተማርከው፣ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ድረስ መጡ። በየመኳንንቱ ቤት ተከፋፍለውም፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ያገሬውን እህል እየበሉ ከረሙ። ሊገዛን የመጣ ሰው በእኛ ሞሰብ ዙሪያ ተቀመጠ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ገንዘብ ከፍሎ ከቤት ውጭ መብላት ራሱ እንግዳ ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ባስከፈቱ ጊዜ ደፍሮ የሚገባ ሰው ጠፍቶ ነበር ይባላል። እንጀራን በብር መሸመት፣ ያውም ሰው እያየ መብላት፣ ነውር ነበረና። እንደሚተረከው፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው እዚያው ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ንጉሥ ካደረገው ወዲያ ነውርነቱ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ በየምግብ ቤቱ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እየተባባልን የምንጓተትበት ወግ ከቤተ መንግሥት የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ማዕድ የእነርሱ ነበር፤ እኛም አልተጋበዝንም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው የምኒልክ ሐውልት ከነፈረሱ ከቦታው ተነሣ። የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «የተወላጆች ገበያ» ተባለ፤ መርካቶ የምንለው እርሱ ነው። ገበያው የለቀቀው ሥፍራ ለነጮቹ ሱቅና መዝናኛ ሆኖ «ፒያሳ» የሚለውን ስም አተረፈ። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ለፋሺስት መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። ዛሬ ታክሲ ረዳት በየመንገዱ የሚጠራቸው እነዚህ ስሞች ሰውን በቀለም ለይቶ ለማስፈር የወጣ ፕላን ቅሪቶች ናቸው።

ልዩነቱ በሕግም ተጽፎ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር ከለከለ። በ1931 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ ደግሞ «የዘርን ክብር» ለመጠበቅ በሚል ሰበብ፣ ለተወላጆች ወደ ተለየ የሕዝብ መዝናኛ የሚያዘወትርን ጣሊያናዊ በቅጣት አስፈራራ። አብሮ መቀመጥ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀናት የፈሰሰው የአዲስ አበባ ሕዝብ ደም፣ በዚያው ዓመት ግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጭፍጨፋ አለ። የመምህሩ ዝምታ ከዚህ ሁሉ የመጣ ነውና በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ጠላት ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ በየከተማው ምሽግ ነበረው፤ በደምበጫ፣ በማንኩሳ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ። ምሽጉ የእርሱ ነው፤ ገጠሩ ግን የእርሱ አልነበረም። በዳንግላ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሸፍተው ዕረፍት ይነሡት ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተሻግሮ የገባው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ካከናወናቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እነዚህን ሁለት መሪዎች ማስማማት ነበር። ታዋቂው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው በ1932 ዓ.ም.፣ የዓድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ እንደ ሆነ ይነገራል። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ፈረስ በወረደበት ዘመን፣ አዊ ላይ ሕዝቡ የዓድዋን ፈረስ ማክበር ጀመረ! በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶቹ ሲያሸበርቁ ያየ ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ገቡ፤ ከዚያም በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ዘለቁ። በየካቲት ወር የዳንግላና የእንጅባራ ምሽጎች ተለቀቁ፤ በወሩ መጨረሻ ላይ ቡሬም ተከተለች። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የመምህሩ አያት እግራቸውን የሰጡት ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው ማዕድ የተዘረጋው ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በገቡበት ቀን ባሰሙት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ተማጸኑ። እንግሊዞች ጣሊያናውያኑን ጠራርገው ሊያስወጡ ቢሹም፣ ግንበኛው፣ መካኒኩ፣ ሐኪሙና ወጥ ቤቱ ያስፈልጉናል በሚል ጥቂት የማይባሉት በንጉሡ ፈቃድ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ፍራንቼስኮ ካስቴሊ ነበር። ፒያሳ ላይ የከፈተው ምግብ ቤት በቤተሰቡ እጅ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቆይቶ፣ በርካታ ታላላቅ እንግዶችን አስተናግዷል። ጥቂት ዘግየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካም ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ሐረግ የተቀነጨበ ነው። ቡናውን ለዓለም የሰጠን እኛ ሆነን ሳለ፣ ማኪያቶ ብለን የምናዘው በእነርሱ ቋንቋ ነው።

ቋንቋችንን ያየ ሰው እንግዳው የት የት እንደ ገባ ይረዳል። ወጥ ቤት ስትገቡ ስጎ፣ መኮሮኒና ሰላጣ አለ። ጋራዥ ስትሄዱ ጎሚስታው ቸርኬውን ፈትቶ፣ መካኒኩ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ይጠብቃችኋል። እኔ በምሠራበት ባንክ እንኳ በየቀኑ ስንት ጊዜ «ፊርማዎን እዚህ ላይ» እላለሁ! ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት በባርነት የተጫኑብን ብቻ አይደሉም። ብዙዎቹን ያቆየናቸው ነፃ ከወጣን በኋላ፣ በፈቃዳችን፣ ለሥራችን ስለሚጠቅሙን ነው። ስጎውንም እንደ ነበረ አልተውነውም፤ በርበሬና ቃሪያ ጨምረን፣ በጾም በዘይት ብቻ ሠርተን፣ ሹካውን ትተን በእንጀራ ጠቅልለን በላነው።

መምህሩን ግን የምደግፍበት ነገር አለ። «ያለፈ ነው» የሚለውን ቃል ለመናገር የሚችለው ያለፈበት ሰው እንጂ በነፃ የወረሰው አይደለም። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወስኖ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የዚያ ካሣ ውጤት ነው። የአክሱም ሐውልት ግን እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ሮም ቆይቷል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠራለት። ገዳዩ በአገሩ ሐውልት ሲቆምለት፣ የተገዳዩ ልጅ በፓስታ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ዝም ቢል ምን ይገርማል? ፒያሳም ቢሆን ሰፊው ክፍሏ በ2016 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሷል። ግድግዳ ሲፈርስ ግድግዳው የመሰከረው ነገር በሰው አፍ ካልቆየ ሌላ መጠለያ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ምሽት ለአራታችን የተከፈለውን ሒሳብ ሳየው፣ የእጄ ልማድ ሆኖ በልቤ አካፈልሁት። ጥሊሊ ላይ ድንች አምርቶ የሚያድር ገበሬ በዚያ ገንዘብ ስንት ቀን ቤተሰቡን እንደሚያሳድር አሰብሁ። ዱሮ ያን በር የሚጠብቀው የቆዳ ቀለም ነበር፤ ዛሬ ዋጋ ይጠብቀዋል። አያቶቻችን የከፈቱት በር ለሁሉም እኩል አልተከፈተም፤ ይህ ግን የጣሊያን ሳይሆን የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሳለሁ፣ ለብዙ ዘመን ከልቤ ጠፍቶ የቆየ አንድ ነገር ታወሰኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስታ የበላሁት በዚሁ በመምህሩ ቤት ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ሳለን ይመስለኛል። እናቱ ለበዓል በቀይ ስጎ ሠርተው፣ በእንጀራ ላይ አፍስሰው አቀረቡልን። አያትየው ከእኛ ጋር ቀርበው፣ ያቺን እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከጎረቤት የመጣ አንድ ሽማግሌ «አንተ! የጣሊያንን ምግብ ትበላለህ?» ብሎ ሲተርባቸው፣ እሳቸው ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለው፣ መጀመሪያ ለእኔ አጎረሱኝ። ከዚያ በኋላ ነው የመለሱለት፤

«ይህስ ምን አደረገን?»

በማግሥቱ ለመምህሩ ስልክ ደወልሁለት። የሆነውን ሁሉ፣ ሳህኑን፣ ጉርሻውን፣ የአያቱን መልስ ነገርሁት። ለብዙ ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

«ረስቼው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እግሩን እያስታወስሁ እጁን ረሳሁት።»

በፋሲካ ጥሊሊ ላይ ለመገናኘት ተቀጣጠርን። ነጋዴውም መሐንዲሱም ይመጣሉ። ፓስታውን የመምህሩ እናት ይሠራሉ፤ ሒሳብ የሚከፍል የለም።