ራስ መር ጀልባ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ ላይ ጃማራን የተባለች የኢራን የጦር መርከብ በደቡባዊ ቀይ ባሕር ሁለት ትናንሽ ጀልባዎች አግኝታ ከውኃው አነሳቻቸው። በጀልባዎቹ ላይ ሰው አልነበረም። የኢራን ቴሌቪዥን ሲዘግብ፣ በዓለም አቀፍ የመርከብ መስመር ላይ ተጥለው የተገኙ ናቸው፣ አደጋ እንዳያደርሱ ነው የተነሱት አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በበኩሉ ጀልባዎቹ የራሱ እንደሆኑና ሥራ ላይ እንደነበሩ አስታወቀ። በማግስቱ ተመለሱለት።

ይህን ዜና በአማርኛ ያነበበ ሰው ያገኘው ቃል «ሰው አልባ ጀልባ» ነው። ድሮንን «ሰው አልባ አውሮፕላን» ማለት ከጀመርን ቆይተናል፣ ጆሯችንም ለምዶታል። ነገር ግን «አልባ» የሚናገረው የጎደለውን ብቻ ነው፤ ቤት አልባ፣ ወላጅ አልባ እንደምንለው። ሰው አልባ ከተባለ ባለቤት አልባ ወደማለት ለመሻገር አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው፤ ለጃማራን ድርጊት የተሰጠውም ምክንያት ይኸው ነበር። ጀልባዋ ውስጥ ሰው አለመኖሩ ደግሞ ስለ ጀልባዋ ዋናውን ነገር አይነግረንም። አንድ ልጅ ከዳር ቆሞ በሪሞት የሚያንቀሳቅሳት መጫወቻም ሰው አልባ ናት።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ቃል «ራስ መር ጀልባ» ነው። አነጋገሩ እንግዳ አይደለም። ገበያ መር ኢኮኖሚ፣ ግብርና መር ኢንዱስትሪ ስንል ከ«መር» የሚቀድመው ቃል መሪውን ይነግረናል። በጀልባዋም መሪው ራሷ ናት። ለመኪናም ሆነ ለጀልባ አቅጣጫ ማስያዣውን «መሪ» ስለምንለው ቃሉ በሁለቱም ፍቺው ይሠራል። «ራስ ገዝ» የሚል ሐሳብ የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ዓላማና በጀት ይወስናል። ጀልባዋ ግን ወዴትና ለምን እንደምትሄድ የሚወስንላት ሰው ነው። ለእርሷ የተተወው እንዴት እንደምትደርስ ነው። በገደል መንገድ በበቅሎ የሚሄድ ሰው መድረሻውን ያውቃል፤ ሰኮናዋን የምታሳርፍበትን ድንጋይ የምትመርጠው ግን በቅሎዋ ናት።

በቀይ ባሕር የተያዙት ጀልባዎች ሴይልድሮን የሚባሉ ናቸው። ታሪካቸው የሚጀምረው ከባሕር ሳይሆን ከደረቅ መሬት ነው። ሪቻርድ ጄንኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ የምህንድስና ተማሪ ሳለ፣ በነፋስ ብቻ የሚሄድ ተሽከርካሪ ሠርቶ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር ተነሳ። አሥር ዓመት ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ባለው ኢቫንፓ በተባለ የደረቀ ሐይቅ ላይ በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር ነዳ። ወጣት ሥራ ፈጣሪዎች በሁለትና በሦስት ዓመት ውጤት እንዲያሳዩ በሚጠበቅበት ዘመን፣ አንድ ወጣት ለአንድ ክንፍ አሥር ዓመት መስጠቱ እኔን ከክብረ ወሰኑ በላይ ይደንቀኛል። ምክንያቱም ኋላ ድርጅት የሆነው ያ ክንፍ ነው።

ተሽከርካሪው በጨርቅ ሸራ ፈንታ እንደ አውሮፕላን ጠንካራ የሆነ የቆመ ክንፍ ነበረው። ክንፉ በምሰሶው ዙሪያ እንደልቡ ይዞራል፤ ከኋላው ደግሞ ትንሽ ጅራት ተገጥሞለታል። ጅራቱ በጥቂቱ ሲታጠፍ ነፋሱ ራሱ ትልቁን ክንፍ ወደሚፈለገው ማዕዘን ይገፋዋል። በተራ ሸራ ጀልባ ላይ ገመድ ለመሳብ የሰው ክንድ ወይም ብርቱ ሞተር ያስፈልጋል፤ ይህ ክንፍ በተተከለባት ጀልባ ላይ ግን ጅራቱን የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ትበቃለች፤ ለእርሷ የሚሆን ኤሌክትሪክ ከፀሐይ ብርሃን ይገኛል። ጀልባዋ ነዳጅ ስለማትቀዳ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ መቆየት ትችላለች።

ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴይልድሮን የተባለውን ድርጅት በካሊፎርኒያ መሠረተ። በ2013 የመጀመሪያዋ ጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ ሐዋይ በ34 ቀን ገባች። በ2019 ሌላዋ ከኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ ተነስታ አንታርክቲካን በ196 ቀን ዞረች፤ ከ22,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች። የዚያ ባሕር ማዕበል ረጅሙን ክንፍ ስለሚሰብር አጭር ክንፍ ነበር የተሠራላት። በ2021 ደግሞ አንዲቱ ሳም በተባለው ደረጃ 4 አውሎ ነፋስ ውስጥ ገብታ፣ በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስና 15 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል መካከል ሆና ምስልና መረጃ ላከች። ካፒቴን መርከቡን ወደዚያ አይወስድም።

ጀልባዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሞቃታማው ፓስፊክ የተላኩት የባሕሩን ሙቀትና ነፋስ እንዲለኩ ነበር። ኤል ኒኞ የሚፈጠረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያ ውኃ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ተዛባ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሙቀት አስቀድሞ የሚያሳይ ማናቸውም መሣሪያ የወሎንም የትግራይንም ገበሬ ይመለከታል።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት ማሽን የሚያግዛቸውን ወይም የሚመራቸውን መርከቦች በአራት ደረጃ ከፍሏቸዋል። በአንደኛው መርከበኞች ተሳፍረዋል፣ አንዳንዱን ሥራ ማሽን ያግዛቸዋል። በሁለተኛው ከሩቅ ሆኖ የሚመራ ሰው አለ፣ መርከበኞችም ተሳፍረዋል። በሦስተኛው የሚመራው ሰው ከሩቅ ነው፣ በመርከቡ ግን ማንም የለም። በአራተኛው መርከቡ ራሱ ይወስናል። «ሰው አልባ» ሦስተኛውንና አራተኛውን ይደባልቃል። «ራስ መር» ሊባል የሚገባው አራተኛው ብቻ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው «ከሩቅ የሚመራ» ቢባሉ ይበቃቸዋል። ሴይልድሮኖችም ቢሆኑ የሚያልፉባቸው ነጥቦች በሳተላይት ይላኩላቸዋል፣ የብስ ላይ ሆኖ የሚከታተላቸውም ሰው አለ፤ ራስ መር የሚያሰኛቸው በነጥቦቹ መካከል ነፋሱን አንብበው መንገዳቸውን ራሳቸው መያዛቸው ነው።

ልዩነቱ ከባዱን ጥያቄ ያስነሳል። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ማናቸውም መርከብ በማየትና በመስማት ዘወትር ንቁ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሁለት ባለ ሞተር መርከቦች መንገድ ሲያቋርጡ ሌላውን በቀኙ የሚያየው እንዲለቅ ያዝዛል። ደንቡ የተጻፈው ዓይንና ጆሮ ላለው ፍጡር ነው። ራስ መር ጀልባ ዓይኗ ካሜራና ራዳር ነው፤ ሌሎች መርከቦች ማንነታቸውንና አቅጣጫቸውን በሬዲዮ ሲናገሩም ትሰማለች። መሣሪያ የሌላትን የዓሣ አጥማጅ ታንኳ በጭጋግ ውስጥ መለየት ግን ለማሽኑ እስከ ዛሬ ከባድ ነው። ግጭት ቢደርስ ተጠያቂው ሠሪው ነው? ባለቤቱ ነው? ወይስ የብስ ላይ ስክሪን የሚጠብቀው ሰው? «ሰው አልባ» የሚለው ስያሜ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። «መር» ያለበት ስያሜ ማን እንደመራ እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ጥያቄው ከእኛ ልጆችም ደጅ ይደርሳል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ምህንድስና ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ባሕር ለሌላት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪዝም ከሬጅ የተባለው ጋዝ ጫኝ መርከብ ከቴክሳስ ተነስቶ በፓናማ ቦይ አልፎ ደቡብ ኮሪያ ሲገባ፣ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞው ግማሹን የመራው ከሀዩንዳይ ኩባንያዎች የአንዱ ሶፍትዌር ነበር። መርከበኞቹ ግን አልወረዱም። ሥራቸው ማሽኑ የሚወስነውን መከታተልና መሪውን መልሰው የሚይዙበትን ቅጽበት ማወቅ ሆነ፤ ይህም ለሠልጣኞቻችን ከሞተር ክፍሉ ትምህርት ጋር አብሮ ሊሰጥ ይገባል።