ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ወይስ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ?

ቤታችሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው እንበል። መስከረም እየደረሰ ነው፤ ለሰፈሩ ልጆች ቦርሳና ደብተር ተገዝቷል። የእናንተም ልጅ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን አይሰማም፤ ወይም አያይም። የት ታስገቡታላችሁ?

ለእኔ ይህ የፈተና ጥያቄ አይደለም። የእህቴን ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ልናስመዘግብ የሄድንበት ትምህርት ቤት «መስማት ለማይችል ልጅ አስተማሪ የለንም» ብሎ መለሰን። ማታ ቤት ውስጥ ክርክር ሆነ። እናቴ «አዲስ አበባ አዳሪ ይግባ» አለች። እህቴ ደግሞ «ገና አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን እጅ ላይ ጥዬው ልመጣ ነው?» አለች። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ አንድ ነገር ሲቸግረኝ መጀመሪያ የማየው ከዚህ በፊት እንዴት ተሠርቶ እንደነበር ነው። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ልጁ ይሄድ ነበር

በአገራችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው በ1917 ዓ.ም. አካባቢ ደምቢ ዶሎ ላይ ሚሲዮናውያን ለዓይነ ስውራን የጀመሩት ትምህርት ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ደግሞ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የመካኒሳ ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም የሆሳዕናው መጣ።

አሠራሩ ለመሐንዲስ ይገባል። ውድ ማሽን ሲኖርህ አንድ ቦታ ትተክለዋለህ፤ ጥሬ ዕቃውን ወደ እሱ ታመላልሳለህ። የሰለጠነ መምህርም፣ የብሬል መጽሐፍም ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። ችግሩ ምንድን ነው? እዚህ የሚመላለሰው ጥሬ ዕቃ ሳይሆን እናቱን የሚፈልግ ሕፃን ነው።

የትነበርሽ ንጉሤን ስሟን ሰምታችሁ ይሆናል። የተወለደችው እዚሁ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ውስጥ ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ትምህርት ያገኘችው ግን ሻሸመኔ፣ የካቶሊክ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ሻሸመኔ ሌላ 250። ትምህርቱ ግን ፍሬ አፈራ። በኋላ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብታ ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፣ ሕግ አጠናች፣ በ2010 ዓ.ም. «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች። እሷ ራሷ ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት ትናገራለች። ስለዚህ አዳሪ ትምህርት ቤትን በደፈናው መኮነን አይቻልም። ግን ደግሞ ያን መንገድ መሄድ ያልቻሉትስ?

ስድስት ነጥብና አምስት ጣት

አሁን ወደ ቴክኒኩ እንግባ። ብሬል በስድስት ነጥቦች ይሠራል። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ አለ ወይ የለም፤ ስለዚህ 2 ለስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64 ይሆናል። ባዶው ሲቀነስ 63 ምልክት ቀረ። መሠረታዊው ፊደላችን ደግሞ 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው። አይበቃማ! መፍትሔው ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ መጻፍ ሆነ፤ «ቡ» ሲጻፍ መጀመሪያ የ«ብ»፣ ቀጥሎ የ«ኡ» ምልክት ይመጣል።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደልም ተመሳሳይ ብልሃት አለው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ለምን ነገርኳችሁ? ዋናው «ማሽን» እጅግ ትንሽ መሆኑን ለማሳየት ነው። ብሬል የሚጻፍበት ስሌትና ስታይለስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ምልክት ቋንቋ ደግሞ እጅ ብቻ ይፈልጋል። የሚጎድለው የሚያውቅ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ከሠለጠነ የትም ሰፈር ሊመደብ ይችላል።

ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ

በ1986 ዓ.ም. የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚያው ዓመት ስፔን፣ ሳላማንካ ላይ የተሰበሰቡ አገሮች መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ ተስማሙ። በ1998 ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2002 ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጸደቀች። «አካቶ ትምህርት» የምንለው ይህ ነው፦ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ መጓዙ ቀርቶ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ይዘጋጅ።

ወላጆችም ዝም ብለው አልጠበቁም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሲመልሱባቸው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ።

በነገራችን ላይ ይህ ጭንቀት የድሃ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኛ ልጆችን እንዲያስተምሩ ያስገድዳል። ሆኖም የትምህርት ገንዘቡ በከፊል ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚመጣ፣ ለልጃቸው ብለው ሰፈር የሚቀይሩ ወላጆች አሉ።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ?

«አካቶ ነን» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ። ግቡና ጠይቁ። ብሬል ወይም ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በስም ማን ነው? ልጁ በዊልቸር የሚሄድ ከሆነ ራምፑን ለኩት። የተለመደው መስፈርት 1 ለ 12 ነው፤ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች 5.4 ሜትር ራምፕ ይፈልጋሉ። የደሴን ዳገት የሚያውቅ ይህ ስንት ቦታ እንደሚወስድ ይገባዋል።

መስማት የተሳነው ልጅ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ከእሱ ጋር በምልክት የሚያወሩ ሌሎች ልጆች አሉ? ቋንቋ ብቻህን አይለመድም። አርባ በሚሰሙ ልጆች መሃል ዝም ብሎ የሚውል ልጅ ተካቷል አይባልም፤ በአካል ተገኘ እንጂ። ለዚህ ነው ለእነዚህ ልጆች አንድ ላይ መሰብሰብ ዛሬም ትርጉም ያለው።

የእኛ ቤት ክርክር የተፈታውም በዚህ ጥያቄ ነው። በጣም ቅርብ የሆነውን ትተን፣ በባጃጅ የሚያስኬድ ግን መስማት የተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መረጥን። ማታ ማታ ቤቱ ይመለሳል። የቤት ሥራው ግን ለእኛም ተረፈን፤ እሱ ቀን የተማረውን ምልክት እኛ ማታ ካልተማርን፣ ቤቱ መልሶ ዝም ያለ ቤት ይሆንበታል። እናቴ አሁን «ውሃ» እና «ና ብላ» በእጇ ትላለች። አዳሪ ይግባ ያለችው እሷ ነበረች።